የጓሮ ዶሮ ለምን ክረምት መግቢያ ላይ ያልቃል?

በጎጃም ገጠር ግንቦት አልቆ ሰኔ ሲጠባ፣ ሰው ሁሉ ልቡ እርሻው ላይ ባለበት ሰሞን፣ ጓሮ ውስጥ ሌላ ነገር ይጀምራል። ትናንት ጥሬ ሲበተንላቸው እየተጋፉ ይመጡ የነበሩ ዶሮዎች ዛሬ ክንፋቸውን ጥለው ጥግ ይዘው ያንቀላፋሉ። በማግስቱ ሁለት ሞተው ይገኛሉ። በሳምንቱ ቆጡ ባዶ ይሆናል፤ የጎረቤትም እንዲሁ። ከደጀን እስከ መራዊ፣ ከሞጣ እስከ ቡሬ ሰው ስም ለመስጠት አይቸገርም፦ «ፈንግል ገባ» ይላል። ብዙ ጊዜም ልክ ነው። ችግሩ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ፈንግል ልክ እንደ በረዶ ከሰማይ የሚወርድ መዓት ተደርጎ ስለሚታይ፣ በየት በኩል እንደመጣና በየት በኩል ሊቆም ይችል እንደነበር የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

እዚህ የማወራው ሺህ ዶሮ ስለሚያረባ ድርጅት አይደለም። አምስት ስድስት፣ ቢበዛ አሥራ አምስት ዶሮ ስላላት፣ ከእንቁላሉ ጨውና ቡና፣ ከቄቧ የልጅ ደብተር ስለምትገዛ ቤት ነው። የዶሮ በሽታ ምክር ብዙውን ጊዜ ለትልቁ ተጽፎ ለትንሹ ይነገራል፤ ስለዚህም ሳይሠራ ይቀራል።

ፈንግል ምንድን ነው?

በሌላው ዓለም ኒውካስል ይባላል። በሽታው ራሱን ችሎ የተለየው እ.ኤ.አ. በ1926 በኢንዶኔዥያዋ ጃቫ ደሴትና በእንግሊዟ ኒውካስል ከተማ ስለነበር የከተማዋ ስም ተጣብቆበት ቀረ። አምጪው ቫይረስ ነው። ከታመመ ዶሮ በኩስ፣ በዓይንና በአፍንጫ ፈሳሽ፣ በትንፋሽም ይወጣል። ጤነኛው ከአንድ ገበቴ ሲጠጣ፣ ያንኑ መሬት ሲጭር፣ ማታ ጎን ለጎን ቆጥ ላይ ሲያድር ይይዘዋል። የሰው ጫማ፣ የነጋዴ ቅርጫት፣ የታመመ ዶሮ የያዘ እጅም ያደርሰዋል።

ቫይረሱ ከገባ በኋላ ምልክት እስኪታይ አብዛኛውን ጊዜ 5 ወይም 6 ቀን ይፈጃል፤ ሲያጥር 2፣ ሲረዝም እስከ 15 ቀን ይሄዳል። ይቺን ቁጥር ያዟት፤ ቀጥሎ የምለው ሁሉ በእሷ ላይ የቆመ ነው። ቅዳሜ ገበያ ላይ ዓይኑ የጠራ፣ ላባው የተኛ፣ ጤነኛ የመሰለ አውራ ዶሮ በሽታውን ተሸክሞ ሊሆን ይችላል። ሻጩም አላወቀም፣ ገዥውም አላወቀም።

ምልክቱ ሲወጣ መልኩ ብዙ ነው። አንዳንዱ ምንም ሳያሳይ ሞቶ ያድራል። አንዳንዱ አረንጓዴ ቅዘን ይቀዝናል፣ አፉን ከፍቶ እያቃሰተ ይተነፍሳል፣ ፊቱ ያብጣል። ቆይተው የሚሞቱትና የሚተርፉት ላይ ደግሞ ሰው የማይረሳው ምልክት ይታያል፦ አንገት ወደ ኋላ ወይም ወደ ጎን ይጠመዘዛል፣ እግርና ክንፍ ይልፈሰፈሳል፣ ዶሮው ዙሪያውን ይዞራል። ያልተከተበ መንጋ ውስጥ ከገባ ከ100 ዶሮ 90ው ሊሞት ይችላል፤ አንድም ያልቀረበት ቤት ብዙ ነው። ሕፃን ጫጩት፣ ቄብ፣ እናት ዶሮ ብሎ አይለይም። ቶሎ ቶሎ መሞታቸውና ዕድሜ አለመምረጡ ከሌሎቹ በሽታዎች ለመለየት ከሁሉ በላይ የሚያግዝ ምልክት ነው።

ለምን ሰኔ?

ብዙ ሰው ዝናቡን ይከሳል። ዝናቡ ድርሻ አለው። ብርድና እርጥበት ዶሮዎቹን ያዳክማል፤ ቫይረሱ ፀሐይ ሲመታው ቶሎ ይሞታል፣ ጥላና እርጥብ ኩስ ውስጥ ግን ይሰነብታል። በዚያ ላይ ቡቃያ እንዳይጭሩ ተብሎ ይዘጋባቸዋል ወይም ይታሰራሉ፣ እና ቀኑን ሙሉ በአንድ ጠባብ ቦታ ይተነፋፈሳሉ። ነገር ግን ዝናብ ቫይረስ አይፈጥርም። በሽታው ዝናቡ ከመምጣቱ በፊት ደርሶ መቀመጥ አለበት። ያደረሰውም ገበያው ነው።

የበዓሉን አቆጣጠር አስቡት። ሁዳዴ 55 ቀን ነው። ዶሮ አይታረድም፣ እንቁላል አይበላም፣ መንጋው ይበዛል። ፋሲካ ሲደርስ ዓመቱን ሙሉ ዶሮ ያልገዛ ሰው ይገዛል። ነጋዴ ከየትናንሽ ገበያው እየለቀመ፣ እግራቸውን አስሮ፣ በመኪና ጣሪያ ላይ ጭኖ ወደ ደብረ ማርቆስ፣ ወደ ባሕር ዳር፣ ዓባይን ተሻግሮም ወደ አዲስ አበባ ይወስዳል። የአሥር መንደር ዶሮ በአንድ ቅርጫት ያድራል። ከፋሲካ በኋላ ደግሞ 50ው ቀን ረቡዕና ዓርብ እንኳ ስለማይጾም ገበያው አይቀዘቅዝም። ስለዚህ ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ያለው ጊዜ ዶሮ ከቦታ ቦታ እጅግ የሚንቀሳቀስበት ወቅት ነው። ለእንቁጣጣሽና ለመስቀል፣ ለገናም እንዲሁ ይሆናል፣ መጠኑ ቢለያይም።

ከተገዛው ዶሮ ይልቅ የምፈራው ሳይሸጥ የተመለሰውን ነው። የተገዛን ዶሮ ሰው ቢያንስ እንግዳ ነው ብሎ ያየዋል። ዋጋ አልስማማ ብሎ ማታ ወደ ቤት የተመለሰውን ግን ማን እንግዳ ይለዋል? የራሱ ቤት ነው፤ እግሩ ተፈቶ ይለቀቃል፣ ወደ ቆጡ ይወጣል። እሱ ግን ቀኑን ሙሉ ከሃምሳ የማይታወቅ ዶሮ ጋር ሲተነፋፈስ ውሏል።

ሌላው የሚነገር ነገር አለ፣ ሰው ባይወደውም። ጓሮ ውስጥ ሁለት ዶሮ ሲሞት የቀሩትን ሳይሞቱ መሸጥ የተለመደ ነው። ክፋት አይደለም፤ ያለችውን ገንዘብ ከመጥፋት ማዳን ነው። ነገር ግን በሽታውን ከመንደር ወደ መንደር የሚያሻግረው ትልቁ መንገድ ይኸው ነው። የዛሬው ሻጭ የሚቀጥለው ወር ገዥ ነው፣ እና ዶሮው ዞሮ ይደርሰዋል።

ስለዚህ እንግዳ ዶሮ፣ ይገዛ፣ ይመለስ፣ ከዘመድ በስጦታ ይምጣ፣ ለ15 ቀን ለብቻው ይቆይ የሚባለው የባለሙያ ወግ አይደለም፤ ከላይ ያልኳት ቁጥር ናት። በሽታው ካለበት በ15 ቀን ውስጥ ይወጣል። የተለየ ቤት መሥራት አያስፈልግም። ከሌሎቹ ራቅ ብሎ በትልቅ ቅርጫት ሥር ወይም ያረጀ ጎተራ ውስጥ፣ የራሱ ውሃ መጠጫ ያለው፣ ከሁሉ በኋላ የሚመገብ ቢሆን ይበቃል። መጀመሪያ የቤቱን ዶሮዎች፣ ቀጥሎ እንግዳውን፣ ከዚያ እጅ መታጠብ። ለበዓል የተገዛና በሦስት ቀን የሚታረድ ከሆነም ከቤቱ መንጋ ጋር መቀላቀል የለበትም፤ ሦስት ቀን ለቫይረሱ በቂው ነው።

ካፕሱሉ ለምን አያድንም?

ዶሮ ሲታመም መጀመሪያ የሚመጣው ቴትራሳይክሊን ነው። ካፕሱሉ ተፈልቅቆ ውሃ ውስጥ ይበተናል። ነጭ ሽንኩርት፣ ሎሚ፣ ፌጦ፣ አንዳንዴም አረቄ በማንኪያ ይጨመራል። ቴትራሳይክሊን ባክቴሪያን የሚገታ መድኃኒት ነው፤ ፈንግል ቫይረስ ነው፣ ስለዚህ አይነካውም። ፈንግልን የሚያድን መድኃኒት በየትኛውም አገር የለም፤ ጎጃም ስለሆነ አይደለም።

«እኔ ሰጥቼ ድነውልኛል» የሚል ሰው ግን ሁልጊዜ ይገኛል፣ ዋሽቶም አይደለም። አንደኛ፣ ፈንግል ውስጥም የሚተርፍ ዶሮ አለ፣ ባይሰጠውም ይተርፍ ነበር። ሁለተኛ፣ የታመሙት በፈንግል ላይሆን ይችላል። የዶሮ ታይፎይድና የዶሮ ኮሌራ የሚባሉት ሁለቱም ባክቴሪያ የሚያመጣቸው ናቸው፤ ያኔ ትክክለኛ መድኃኒት በትክክለኛ መጠን ከተሰጠ ሊረዳ ይችላል። በሩቁ ሲታዩ ግን ሦስቱም ይመሳሰላሉ፦ ቅዘን፣ መደበት፣ ድንገተኛ ሞት። ታይፎይድ ብዙውን ጊዜ ያደጉትን ይይዛል፣ አናታቸው ላይ ያለው ቀይ ሥጋ ይገረጣል፣ ሞቱም ቀስ እያለ ለሳምንታት ይንጠባጠባል። የዳነችውም እናት ዶሮ በሽታውን በእንቁላሏ ለጫጩቶቿ ልታስተላልፍ ትችላለች። ኮሌራ ደግሞ ሲቆይ ከመንቆሩ ሥር የተንጠለጠለውን ቀይ ሥጋ ያሳብጣል። በዓይን ብቻ መለየት ለባለሙያም ይከብዳል፤ ለዚህ ነው አንድ አዲስ የሞተ ወይም ሊሞት ያለ ዶሮ ወደ ወረዳው የእንስሳት ክሊኒክ መውሰድ አምስት ካፕሱል ከመግዛት የሚሻለው። ክሊኒኩ ካልቻለ ባሕር ዳር ላይ የእንስሳት በሽታ ምርመራ ላቦራቶሪ አለ።

ብልቃጡና ወንፈሉ

ለፈንግል ያለው ክትባት ብቻ ነው፤ የሚሠራውም ዶሮዋ ደህና ሳለች ነው። እግረ መንገዴን፣ ክትባት በዶሮ ላይ ረጅም ታሪክ አለው። ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር ተህዋስን በቤተ ሙከራ አዳክሞ በሽታ መከላከል እንደሚቻል ያሳየው ከእብድ ውሻ በሽታ በፊት በዶሮ ኮሌራ ላይ ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1879 እና በ1880።

አገራችን ውስጥ የዶሮ ክትባት የሚመረተው ቢሾፍቱ ባለው የእንስሳት ክትባት አምራች ብሔራዊ ተቋም ነው። ለፈንግል ሦስት ስም ትሰማላችሁ። «ኤች ቢ ዋን» ለሕፃን ጫጩት በመጀመሪያዎቹ ቀናት በዓይን የሚንጠባጠብ ነው። «ላሶታ» ሦስት አራት ሳምንት ሲሞላቸው፣ ብዙ ጊዜ በመጠጥ ውሃ ይሰጣል። ሁለቱም ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቅዝቃዜ ካልተጠበቁ ይበላሻሉ። ሦስተኛው «አይ ቱ» ነው። አውስትራሊያ ውስጥ ለገጠር መንደር ታስቦ የተዘጋጀ ሲሆን ከሌሎቹ ይልቅ ሙቀት ይችላል። አንድ ጠብታ በአንድ ዓይን፣ ለማንኛውም ዕድሜ። መብራት በሚቆራረጥበት፣ መንገድ በማይታመንበት አገር የሚመረጠው ይኸኛው ነው። ሙቀት ይችላል ማለት ግን ፀሐይ ላይ ይሰጣ ማለት አይደለም፤ በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ በጥላ ይሂድ።

እዚህ ላይ የትንሹ ቤት ዋና ችግር ይመጣል። ክትባቱ የሚመጣው ለ50፣ ለ100 ወይም ከዚያ በላይ ለሚሆን ዶሮ በሚበቃ ብልቃጥ ነው። አንዴ ከተበጠበጠ በሰዓታት ውስጥ ያልቃል ወይም ይደፋል፤ ለነገ አይቀመጥም። ሰባት ዶሮ ያላት እማወራ የ100ውን ብልቃጥ ልትገዛ ብትል 93ቱን ጠብታ ልትደፋ ነው። የእንስሳት ጤና ባለሙያውም ለሰባት ዶሮ ብልቃጥ አይከፍትም፣ ለሰባት ዶሮም ሁለት ሰዓት አይጓዝም። ስለዚህ «ዶሮሽን አስከትቢ» የሚለው ምክር ለአንድ ቤት ሲነገር ባዶ ነው። ለአሥራ አምስት ቤት ሲነገር ግን ልክ ይመጣል፦ አሥራ አምስት ቤት፣ መቶ ዶሮ፣ አንድ ብልቃጥ።

ለአጨዳና ለአረም ወንፈል የሚገባ አገር ለዚህ አዲስ ዘዴ አያስፈልገውም። ለአሥራ አምስት ቤት ሲካፈል የሚደርሰው ገንዘብ ከአንድ ዶሮ ዋጋ ጋር የሚነጻጸር አይደለም። ደግሞም ብቻውን የተከተበ ቤት ጥቅሙ ግማሽ ነው። ዶሮ አጥር አያውቅም፤ የአንዱ ከሌላው ጋር ሲጭር ይውላል። በመንደሩ ውስጥ ያልተከተበው ከበዛ ቫይረሱ ሳይጠፋ ይዞራል፣ በዚያው ወር የተፈለፈሉትን ጫጩቶችም ያገኛቸዋል።

አንድ የታዘብኩትን ልጨምር። የክትባት ጥሪ ብዙ ጊዜ በቀበሌ ስብሰባ ወይም ከቅዳሴ በኋላ ይነገራል፣ ወሬውም ለአባወራው ይደርሳል። ዶሮዎቹ የእማወራዋ ናቸው። እሱ ለበሬው እንጂ ለዶሮ ክትባት ትዝ አይለውም። ጥሪው ሴቶቹ በሚገናኙበት፣ በማኅበር ወይም ውሃ መቅጃው ላይ ቢነገር የተሻለ ሰው እንደሚመጣ አልጠራጠርም።

መቼ? መከላከያው ለመጠንከር እስከ 2 ሳምንት ይፈልጋል፣ ከሦስት አራት ወር በኋላም ይደክማል። ስለዚህ በዓመት ቢያንስ ሦስት ጊዜ ነው። እኔ ብሆን በአገራችን አቆጣጠር መጋቢት መጀመሪያ፣ ሐምሌ መጀመሪያና ጥቅምት መጨረሻ አደርገዋለሁ። የመጋቢቱ ፋሲካን፣ የሐምሌው እንቁጣጣሽና መስቀልን፣ የጥቅምቱ ገናን ይቀድማል። በሁዳዴ የተጠራቀመ እንቁላል ታቅፎ ሚያዝያ ላይ የሚፈለፈሉት ጫጩቶች ግን የመጋቢቱን አላገኙም፣ ሰኔ ሲገባም ገና ሁለት ወር ቢሆናቸው ነው። ለእነሱ ግንቦት ላይ አንድ ብልቃጥ መክፈት የክረምቱን ግማሽ ሥራ መጨረስ ነው። ሰዓቱ ደግሞ ጎህ ሳይቀድ ወይም ዶሮ ከሰፈረ በኋላ ይሁን፤ በቀን ማን ያባርራቸዋል?

«አስከትቤም ሞቱብኝ» የሚለው ቅሬታ እውነት ነው፣ ምክንያቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከሚከተሉት አራት አንዱ ነው። ክትባቱ በሰው ኪስ ሞቆ መጥቷል። ወይም ዶሮዎቹ ክትባቱ በተሰጠበት ቀን በሽታው ገብቶባቸው ነበር፤ ያኔ ክትባት አይደርስም፣ እንዲያውም ከአንዱ ወደ ሌላው የሚዘዋወረው እጅ ያዳርሰዋል። ወይም አንዴ የተሰጠው ለዕድሜ ልክ ተቆጥሯል። ወይም ደግሞ ላሶታው ከተማ ውስጥ ክሎሪን ባለበት የቧንቧ ውሃ፣ በበረኪና በታጠበ ባልዲ ተበጥብጧል፤ ክሎሪኑ ሕይወት ያለውን የክትባት ቫይረስ ገና ዶሮው ሳይጠጣው ይገድለዋል። የጉድጓድ ወይም የምንጭ ንጹሕ ውሃ፣ በሳሙናና በበረኪና ያልተነካ የፕላስቲክ ዕቃ፣ ከዚያ በፊት ለአንድ ሁለት ሰዓት ውሃ መከልከል፣ በሁለት ሰዓት ውስጥ ጠጥተው እንዲጨርሱ ማድረግ ይኸው ነው።

ጫጩት ደም ሲቀዝን

ፈንግል ስሙ የገነነ ቢሆንም ከተፈለፈሉት ጫጩቶች ግማሽ ያህሉ ሁለት ወር ሳይሞላቸው ማለቃቸው በአገራችን የተለመደ ነው። ጭልፊትና ሸለምጥማጥ ድርሻቸውን ይወስዳሉ። ከበሽታ በኩል ግን በዝናብ ወቅት ኮክሲዲዮሲስ የሚባለው አለ። ከሦስት እስከ ስምንት ሳምንት ያሉት ጫጩቶች ላባቸውን ነፍተው ይሰበሰባሉ፣ በርዷቸው ይመስላል፣ ኩሳቸው ቡናማ ከዚያም ደም የተቀላቀለ ይሆናል። እናቲቱ ደህና ናት። ጫጩቶቹ እየሞቱ ትልልቆቹ ደህና ከሆኑ ነገሩ ፈንግል ላለመሆኑ ጥሩ ፍንጭ ነው።

የዚህ በሽታ አሠራር ከገባን መከላከሉ በእጃችን ነው። አምጪው በዓይን የማይታይ ጥገኛ ሲሆን አንጀት ውስጥ ይራባል። እንቁላል መሰል ዘሩ ከኩስ ጋር ይወጣል። በወጣበት ሰዓት ግን አያሲዝም፤ እርጥበትና ሙቀት አግኝቶ አንድ ሁለት ቀን መብሰል አለበት። ስለዚህ ማደሪያውን በየቀኑ የጠረገ፣ የረጠበውን ገለባ አውጥቶ ደረቅ የጤፍ ገለባ የበተነ፣ የውሃ ዕቃውን እንዳይደፋ በድንጋይ ላይ ከፍ ያደረገ ሰው ዘሩ ሳይበስል ጥሎታል። ዝናብ የሚያስገባ ጣሪያ ካለ እሱን መጠገን ከማንኛውም መድኃኒት ይቀድማል። ከታመሙ በኋላም ከፈንግል በተለየ መድኃኒት አለው፤ አምፕሮሊየም በውሃ ይሰጣል፣ መጠኑንና ቀኑን ባለሙያው ይነግራችኋል። ዋናው ደም በታየበት ቀን መጀመር ነው፤ የታመመ ጫጩት መብላት ቢያቆምም መጠጣት ስለሚቀጥል በውሃው ይደርሰዋል።

የዶሮ ፈንጣጣን ማንም አይስተውም፦ አናትና ፊት ላይ ቡግር፣ ከዚያ ቅርፊት። ትንኝ ያዛምተዋል። አፍና ጉሮሮ ውስጥ ካልገባ ብዙውን ጊዜ በሦስት አራት ሳምንት ይድናል። ቅርፊቱን መላጥ አያስፈልግም፤ ቫይረሱ ቅርፊቱ ውስጥ ለወራት ይቆያልና።

ቅንቅን ቶሎ አይገድልም፣ ግን የታቀፈች ዶሮ እንቁላሏን ጥላ እንድትነሳ ያደርጋል። ደረቅ አመድና አፈር የሞላበት ጉድጓድ ጓሮ ውስጥ ቢኖር ዶሮዋ ራሷ ትታጠብበታለች። ከቅንቅን የባሰው ቀን ቀን በግድግዳ ስንጥቅ ተደብቆ ማታ የሚመጠው የዶሮ መዥገር ነው። ቀን ዶሮዋን ብትገለባብጧት አታገኙትም፤ ማታ ባትሪ አብርታችሁ ቆጡንና ግድግዳውን እዩ። መፍትሔው ስንጥቁን በጭቃ መምረግ ነው። አደራችሁን ለእህል የተገዛ የነቀዝ መድኃኒት ዶሮ ላይ አትርጩ፣ አትነስንሱም፤ ዶሮዋን ባይገድላት በእንቁላሏ ለልጆቻችሁ ይመጣል።

ምዕራብ ጎጃም በቆሎ አገር ስለሆነ አንድ ነገር እዚህ ይነሳል። ዝናብ አግኝቶት የሻገተ በቆሎ «ለዶሮ ይሁን» ተብሎ ይሰጣል። ሻጋታው የሚተወው አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ጉበት ይጎዳል፣ የመከላከል አቅምን ያዳክማል፤ ክትባት የተሰጣት ዶሮ እንኳ ክትባቱ በደንብ አይዝላትም። በትንሹ ተነካክቶ መልካም ከሚመስለው ላይ የሻገተውን ለቅሞ መጣል ይሻላል፤ በጅምላ የሻገተውን ግን ለማንም አትስጡ።

የፈረንጅ ዶሮ ሲገባ

ባሕር ዳር አጠገብ ካለው ከአንዳሳ የዶሮ ማባዣ ወይም ከግል አሳዳጊዎች የ45 ቀን ቄብ መግዛት ተለምዷል፦ ሳሶ፣ ኮኮክ፣ ቦቫንስ። የአገሬው ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ስትጥል እነዚህ ብዙ እጥፍ ስለሚጥሉ ነገሩ ይገባኛል። ከሻጩ ግን ከዋጋ በፊት የክትባት ወረቀት ጠይቁ። ማሬክ የሚባለው እግር አንዱን ወደ ፊት ሌላውን ወደ ኋላ የሚዘረጋ ሽባነት ክትባቱ የሚሰጠው ገና በተፈለፈሉበት ቀን ነው፤ ያን ቀን ካመለጠ እናንተ ቤት መጥቶ አይስተካከልም። ጉምቦሮ የሚባለውም በሦስትና በስድስት ሳምንት መካከል ያሉትን ይይዛል። ባይገድል እንኳ የጫጩቱን የመከላከያ አካል ስለሚያበላሸው ከዚያ ወዲያ የሚሰጥ የፈንግል ክትባት በደንብ አይይዝም። ይህ በሽታ አገራችን ውስጥ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2002 ደብረ ዘይት ላይ ስለሆነ የቀደሙት ሰዎች አያውቁትም።

በተቃራኒው «የሐበሻ ዶሮ በሽታ አይነካውም» የሚለው እምነት ብዙ ቤት ጎድቷል። የጥሊሊ፣ የደብረ ኤልያስ፣ የሜጫ፣ የጓንጓ ዶሮዎች በተመራማሪዎች ጭምር ተለይተው የተጠኑ፣ ረሃብን፣ ብርድንና ጭልፊትን የለመዱ ዘሮች ናቸው። ፈንግል ግን ያልተከተበውን ሁሉ በእኩል ይወስዳል።

የሞተው ዶሮና የቤቱ ሰው

የታመመ ዶሮ ሳይሞት ታርዶ ይበላል፤ ይህን ማንም ያውቃል። የፈንግል ቫይረስ በደንብ በበሰለ ወጥ ውስጥ አይቆይም፣ ሰውንም ቢነካ ብዙውን ጊዜ ዓይን ከማቅላት አያልፍም። ነገር ግን ያመመው ነገር ፈንግል ነው ወይስ ታይፎይድ ወይስ መርዝ የበላ ነው የሚለውን በዓይን አታውቁም፤ ስለዚህ እኔ አልበላውም። የሚበላ ሰው ቢኖር እንኳ ወጡ ሳይሆን ውጭ የተደፋው ነው መንደሩን የሚያቃጥለው፦ ደሙ፣ ላባው፣ አንጀቱ፣ የታጠበበት ውሃ። ሁሉም ጓሮ ይጣላል፣ የጎረቤት ዶሮ ይለቅመዋል። የሞተም ሆነ የታረደ ትራፊ ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጉድጓድ፣ አመድ ወይም ኖራ ተነስንሶበት ይቀበር። ወንዝ ውስጥ አይጣል።

ብዙ ቤት ዶሮ ከሰው ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ያድራል። ለሌባና ለሸለምጥማጥ ሲባል እንደሆነ ይገባኛል። የሚድኽ ሕፃን ባለበት ቤት ግን ኩስ ያለበት ወለል የሕፃኑ ተቅማጥ አንዱ ምንጭ ነው። ዶሮ ምንም ሳያማት ሰውን የሚያሳምም ሳልሞኔላ የሚባል ባክቴሪያ በኩሷ ታወጣለች። ከቤቱ ግድግዳ ጋር የተጣበቀ፣ በሩ ከውጭ የሚቆለፍ ትንሽ የጭቃ ቤት ሁለቱንም ችግር ያቃልላል።

መድኃኒት የተሰጣት ዶሮ እንቁላልና ሥጋ ደግሞ ወዲያው አይበላም፣ አይሸጥም። ስንት ቀን መቆየት እንዳለበት ማሸጊያው ላይ ተጽፏል፤ ማንበብ ካልተቻለ ባለሙያውን ጠይቁ።

ቤቱ በፈንግል ከተመታ በኋላ የሚቸኩል ብዙ ነው። ቆጡ ባዶ ሲሆን በሚቀጥለው ቅዳሜ ሌላ ይገዛል፣ እሱም ይሞታል። ኩሱን ጠርጋችሁ ቅበሩ፣ ቆጡን አውጥታችሁ ፀሐይ አስመቱ፣ መጠጫውን በበረኪና እጠቡ፣ ከዚያ ቢያንስ አንድ ወር ባዶውን ይቆይ። በሰኔ የተመታ ቤት ክረምቱን ማሳለፉ ይመረጣል፤ ፀሐይ የለም፣ መሬቱ አይደርቅም። መስቀል አልፎ ገበያው ሲረጋ፣ ጥቅምት ላይ ግዙና አሥራ አምስቱን ቀን ለብቻቸው አቆይታችሁ ለጥቅምት መጨረሻው ብልቃጥ ከጎረቤት ጋር አድርሷቸው።